ብርቱካንና ሎሚ ለውሻ፦ ጉዳቱ ከሥጋው ነው ወይስ ከልጣጩ?

የጎንደር ውሻ በልማዱ የግቢ ጠባቂ ነው። ሌሊት ይጮኻል፣ ቀን በአጥሩ ጥላ ሥር ይተኛል፣ የሚበላውም ከቤተሰቡ ማዕድ የተረፈውን ነው። ምን ይስማማዋል፣ ምን ይጎዳዋል ብሎ የሚጨነቅለት ሰው ብዙም አልነበረም። አሁን ግን በማራኪም ሆነ በአዘዞ ቡችላ ከቤት አስገብተው የሚያሳድጉ ወጣቶች አሉ፤ እነዚህም ጥያቄያቸውን መጀመሪያ የሚያቀርቡት ለስልካቸው ነው። ስልኩ የሚሰጠው መልስ እርስ በርሱ ይጋጫል። አንዱ ገጽ ብርቱካንን ቫይታሚን የሞላበት ጤናማ ምግብ ነው ብሎ ለውሻ ያዝዛል፤ ሌላው ብርቱካንን፣ መንደሪንንና ሎሚን በጅምላ ከመርዝ ይቆጥራቸዋል። በመካከሉ ደግሞ ለቡችላ ሎሚ እያላሱ ፊቱን ሲያጨማትር የሚቀርጹ አጫጭር ቪዲዮዎች ይዘዋወራሉ፤ ተመልካቹ ይስቃል፣ ውሻው ግን ለሃጩን ያዝረከርካል።

ሁለቱም መልሶች ያለ መነሻ የተሰጡ አይደሉም። በእንስሳት ላይ የሚደርሰውን ጭካኔ ለመከላከል የተቋቋመው የአሜሪካ ማኅበር ለባለቤቶች ባዘጋጀው የመርዛማ ዕፅዋት መዝገብ ውስጥ ብርቱካን፣ ሎሚና ግሬፕ ፍሩት ለውሻም ለድመትም ጎጂ ከተባሉት ጋር ተመዝግበዋል። ይህን ብቻ አንብቦ ያቆመ ሰው አንድ ክፋይ ብርቱካን የዋጠ ውሻ ሊሞት ነው ብሎ ቢደነግጥ አይፈረድበትም። ያው መዝገብ ግን ወረድ ብሎ የፍሬው ሥጋ የሚበላ መሆኑን፣ ችግር የሚያስከትሉት ልጣጩና ሌላው የተክሉ ክፍል መሆናቸውን ይገልጻል። ርዕሱን ቆርጠው የሚያሰራጩ ሰዎች የሚጥሉት ይህንኑ ማብራሪያ ነው፤ የጉዳዩ ቁም ነገር ደግሞ ያለው እዚያ ላይ ነው። ስለዚህ “ብርቱካን ለውሻ ይሆናል ወይ?” የሚለው ጥያቄ የትኛው ክፍሉ፣ ምን ያህል፣ ለምን ያህል ክብደት ላለው ውሻ የሚሉት ሦስት ነገሮች ካልታከሉበት መልስ አያገኝም።

በልጣጩ እንጀምር። የብርቱካንም ሆነ የሎሚ ልጣጭ ውጫዊ ክፍል በዓይን በሚታዩ ጥቃቅን የዘይት ከረጢቶች የተሞላ ነው። ልጣጩን አጥፎ በሻማ ነበልባል አጠገብ የጨመቀ ሰው እሳቱ ብልጭ ብልጭ ሲል አይቷል፤ የሚቃጠለው ከከረጢቶቹ የሚረጨው ተናኝ ዘይት ነው። የብርቱካን ልጣጭ ዘይት ከ90 በመቶ በላይ የሆነው ክፍሉ ሊሞኒን የሚባል ንጥረ ነገር ሲሆን፣ በሎሚ ልጣጭ ዘይት ውስጥም ትልቁን ድርሻ የሚይዘው ይኸው ነው። ሊሞኒንም ሆነ ሊናሎል የተባለው ሌላው መዓዛማ ንጥረ ነገር ነፍሳትን የሚጎዱ በመሆናቸው በውጭ አገር በቁንጫ ማጥፊያ ሻምፖዎችና ርጭቶች ውስጥ ሲሠራባቸው ቆይቷል። የውሻ ጉበት ጥቂቱን አጣርቶ ያስወግዳል፤ የድመት ጉበት በዚህ ረገድ ደካማ ስለሆነ ድመት ላይ ጉዳቱ ይከፋል። መጠኑ ሲበዛ፣ በተለይም ተጣርቶ በጠርሙስ የተሸጠ ዘይት ሲሆን፣ ውሻም ቢሆን ለሃጩ ይዝረበረባል፣ ያስመልሰዋል፣ ይደክማል፣ ሲራመድ ይንገዳገዳል፣ ይንቀጠቀጣል።

ሁለተኛው የልጣጩ ጉዳይ ሶራሊን ከሚባሉ ንጥረ ነገሮች የሚመጣ ሲሆን፣ እነዚህ ራሳቸውን ችለው ብዙም ጉዳት ሳያደርሱ ፀሐይ ሲያገኙ ግን ቆዳን የሚያቃጥሉ ናቸው። በሰው ላይም የታወቀ ነገር ነው፦ ሎሚ የጨመቀ እጅ ሳይታጠብ ፀሐይ ላይ ቢቆይ በማግስቱ ሊቀላና ውኃ ሊቋጥር፣ ቆይቶም ጠቁሮ ሊቀር ይችላል። እኛ ሎሚ የምንላት ትንሿ፣ ክብና ቀጭን ልጣጭ ያላት ፍሬ በዚህ ረገድ ከጣፋጩ ብርቱካን እጅግ ትበልጣለች፤ በጣፋጭ ብርቱካን ልጣጭ ዘይት ውስጥ እነዚህ ንጥረ ነገሮች ኢምንት ናቸው። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ በሆነ ከፍታ ላይ በምትገኘው ጎንደር የጠራው የበጋ ፀሐይ ቆዳን ምን እንደሚያደርግ ነዋሪው ያውቀዋል። ፀጉሩ የሳሳ፣ አፍንጫውና የሆዱ ቆዳ ነጣ ያለ ውሻ ደግሞ ከሌላው ይበልጥ ይጋለጣል።

ወደ ሥጋው ስንመጣ ነገሩ ይቀላል። በጣፋጭ ብርቱካን ሥጋ ውስጥ ያለው በዋናነት ውኃ፣ ስኳር፣ ጥቂት አሲድና አሰር ነው። አሲዱን ብዙዎች ከሚገባው በላይ ይፈሩታል፤ ነገር ግን ሥጋ በል የሆነ እንስሳ ጨጓራ ራሱ አጥንት የሚያለሰልስ ብርቱ አሲድ የሚያመነጭ ስለሆነ በአንድ ክፋይ ብርቱካን አይደነግጥም። የሚያስቸግረው መጠኑ ነው። 130 ግራም ገደማ የሚመዝን ብርቱካን 60 ኪሎ ካሎሪ ያህል ኃይልና 12 ግራም ያህል ስኳር ይዟል። 10 ኪሎ ግራም የሚመዝን ጎልማሳ ውሻ በቀን የሚያስፈልገው ከ500 እስከ 650 ኪሎ ካሎሪ ቢሆን፣ የእንስሳት ሐኪሞች ከዋናው ምግብ ውጪ ለሚሰጥ ነገር የሚፈቅዱት ደግሞ ከዕለቱ ካሎሪ ከ10 በመቶ ያልበለጠውን ስለሆነ፣ አንድ ሙሉ ብርቱካን ብቻውን ጣሪያውን ይነካል ማለት ነው። ከዚያ በላይ ሲሆን በአብዛኛው የሚከተለው ሆድ መንፋትና ተቅማጥ ነው። ለእንዲህ ያለ ውሻ ልጣጩ፣ ፍሬውና ነጩ ሽፋን የተነሣለት አንድ ወይም ሁለት ክፋይ፣ ያውም አልፎ አልፎ፣ ጉዳት የለውም። ስኳር በሽታ ላለበት፣ ከልክ በላይ ለወፈረ ወይም ጨጓራውን ለሚያመው ውሻ ግን ይህም ቢቀር ይሻላል።

ጉዳት ከሌለው ጥቅም አለው ወይ? ቫይታሚን ሲ የሚለው ክርክር እዚህ ላይ ይወድቃል። እ.ኤ.አ. በ1747 ጄምስ ሊንድ የተባለው የእንግሊዝ ባሕር ኃይል ሐኪም ድዳቸው እየደማ ለሚሰቃዩ መርከበኞች ብርቱካንና ሎሚ ሰጥቶ መዳናቸውን ካየ ወዲህ የእነዚህ ፍራፍሬዎች ስም ከጤና ጋር ተጣብቆ ቀረ። ያ በሽታ ግን የሰው በሽታ ነው። እ.ኤ.አ. በ1907 ሁለት የኖርዌይ ተመራማሪዎች በእንስሳ ላይ ሊያጠኑት የቻሉት ጊኒ ፒግ እንደ ሰው በዚህ በሽታ የምትያዝ ሆና በመገኘቷ ነው። ሰው፣ ጦጣና ጊኒ ፒግ ይህን ቫይታሚን በገዛ ሰውነታቸው መሥራት አይችሉም፤ ውሻ ግን ጉበቱ ውስጥ ከግሉኮስ ይሠራዋል። ስለዚህ ጤነኛ ውሻ ብርቱካን ባያገኝ የሚጎድለው ነገር የለም፤ ባለቤቱም ውሻውን አስጠቅማለሁ ብሎ ብርቱካን ቢሰጠው ለሕፃናቱ የሚሆነውን ከማሳነስ በቀር ያተረፈው ነገር የለም።

የሎሚ ወገን ሁሉ አንድ አይደለም። መንደሪን ከብርቱካን ጥቂት የሚበልጥ ስኳር ቢኖረውም በሚሰጠው ግምት አይለይም። ሎሚ ማንም ውሻ ወዶ አይበላትም፤ ቢያስገድዱት ማንገሽገሽና ማስመለስ ነው ትርፉ። ቪዲዮዎቹን በተመለከተ የሚባለው አጭር ነው፦ አንድ ጊዜ የላሰ ውሻ አይሞትም፣ ነገር ግን ሰው ለመሳቅ ሲል እንስሳ አፍ ውስጥ የሚያቃጥል ነገር የሚጨምርበት በቂ ምክንያት የለም። ትርንጎ ላይ ግን ቆም ማለት ያስፈልጋል። ትርንጎ አብዛኛው አካሉ ወፍራም ልጣጭ ነው፤ ሰው የሚበላው ነጩን ክፍል ሲሆን ሥጋው ትንሽና ኮምጣጣ ነው። ለሰው ጥሩ የሆነው ያ ወፍራም ልጣጭ በትልልቁ ተቆርጦ ለትንሽ ውሻ ቢጣልለት፣ ሳያኝክ የመዋጥ ልማድ ስላለው አንጀቱን ሊዘጋበት ይችላል። ግሬፕ ፍሩት በሰው ላይ የአንዳንድ መድኃኒቶችን የመፍረስ ሂደት በማዛባት የሚታወቅ በመሆኑ፣ መድኃኒት ላይ ላለ ውሻ ከነጭራሹ ባይሞከር መልካም ነው።

በከተማችን ውሻና የሎሚ ወገን የሚገናኙባቸው ሁለት ቦታዎች አሉ። አንደኛው የጥምቀት በዓል ነው። ጥር 11 በፋሲል ጥምቀተ ባሕር ዙሪያ ሎሚ መወራወር የቆየ የወጣቶች ወግ ነው፤ በዓሉም እ.ኤ.አ. በ2019 በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ውስጥ ገብቷል። ሕዝቡ ሲበተን መሬት ላይ የሚቀረው የተረገጠ ሎሚ ነው። ይህ ለውሾች አደጋ ነው ብሎ መጻፍ ግን ማጋነን ይሆናል፤ ውሻ በማሽተት የሚኖር እንስሳ ነውና ከሎሚ ልጣጭ ሽታ አብዛኛውን ጊዜ ራሱ ይሸሻል። ሁለተኛው ከፒያሳ እስከ አውቶቡስ መናኸሪያው ባሉት ጭማቂ ቤቶች ጓሮ የሚከመረው ልጣጭ ነው። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ የብርቱካኑ ልጣጭ ከማንጎና ከፓፓያ ትርፍ ጋር ተደባልቆ ሲጣፍጥ የተራበ ውሻ ሽታውን ችሎ ይበላዋል፤ ሲውል ሲያድርም ይሻግታል። የሻጋታ ምግብ ደግሞ ከልጣጩ ዘይት ይልቅ የሚያስፈራ ነገር ነው፤ አንዳንድ ሻጋታዎች ውሻን የሚያንቀጠቅጥና የሚጥል መርዝ ያመነጫሉ። ስለዚህ የጭማቂ ቤት ባለቤት ልጣጩን በተከደነ ዕቃ አኑሮ በዕለቱ ቢያስወግድ፣ ዝንቡን ከመቀነሱም በላይ ለአካባቢው ውሾች ትልቅ ነገር ነው።

ከመብላቱ ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ሎሚን መድኃኒት ማድረጉ ነው። ሎሚ በየቤቱ ለጉንፋን፣ ለፎረፎር፣ ለቆዳ የምንጠቀምባት ፍሬ ስለሆነች፣ ውሻ እከክ ሲወጣበት ወይም መዥገር ሲበዛበት እጅ መጀመሪያ የሚዘረጋው ወደ እርሷ ነው። የሎሚ ጭማቂ በታከከና በተላጠ ቆዳ ላይ ሲፈስ የሚያቃጥል ከመሆኑም በላይ እከኩን አያድነውም፤ ዋነኛው የውሻ እከክ ቆዳ ሥር ሰርስራ በምትኖር፣ በዓይን በማትታይ ነፍሳት የሚመጣ ነው፤ ጭማቂውም እርሷ ያለችበት ድረስ አይዘልቅም። ልጣጩን አፍልቶ ማጠብ ወይም ልጣጩን ፈትጎ መቀባት ደግሞ ዘይቱንና ሶራሊኑን በቀጥታ ቆዳው ላይ ማኖር ነው፤ ከዚያም ውሻው ራሱን ይልሳል፣ ፀሐይ ላይም ይተኛል። ሊሞኒን ያለባቸው የቁንጫ ማጥፊያዎች እንኳ መጠናቸው ተለክቶ የተሠሩ ሆነው ሳለ ያለ መመሪያ ሲውሉ በድመቶች ላይ፣ አንዳንዴም በውሾች ላይ ጉዳት አድርሰዋል፤ በግምት የተዘጋጀው የጓዳ መድኃኒት ከዚያ የተሻለ ዋስትና የለውም። ለመዥገርና ለቁንጫ፣ ለእከክም ጭምር በውሻው ክብደት ተለክተው የሚሰጡ መድኃኒቶች አሉ። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና የሚያስተምር ኮሌጅ ያለው ተቋም እንደመሆኑ ከተማዋ ምክር የሚጠየቅበት ባለሙያ የላትም ማለት አይቻልም፤ የጎደለው ውሻን ወደ ሐኪም የመውሰድ ልማድ ነው።

የሎሚ ሽታ ያላቸው የዕቃና የወለል ማጠቢያዎች ጉዳይ ለብቻው መታየት አለበት። በጠርሙሱ ላይ የተሳለው ሎሚ የሽታው ምልክት ነው እንጂ ይዘቱ ሌላ ኬሚካል ነው፤ በእነርሱ የተጎዳ ውሻ በፍሬው እንደተጎዳ ተደርጎ ሊታከም አይገባውም።

ይህን ሁሉ ካልን በኋላ ሚዛኑን ማስተካከል ይገባል። ሰው ብርቱካንን የሚፈራው ውጤቱ ፈጥኖ ስለሚታይ ነው፦ ውሻው ይበላል፣ በሰዓታት ውስጥ ያስመልሳል፣ ባለቤቱም ጥፋተኛውን ያውቃል። ከባዱን ጉዳት የሚያደርሱት ምግቦች ግን ቀናት ቆይተው ስለሚገለጡ አይጠረጠሩም። ከእነዚህ ውስጥ በየቤታችን በብዛት ያለው ሽንኩርት ነው። ቀይ ሽንኩርትም ሆነ ነጭ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሕዋሳት የሚያፈርሱ ንጥረ ነገሮች አሏቸው፤ መቀቀልም ሆነ መጥበስ ወይም ማድረቅ ይህን ባሕርያቸውን አያጠፋውም። አንድ ውሻ ከክብደቱ 0.5 በመቶ የሚሆን ሽንኩርት በአንድ ጊዜ ቢበላ ደሙ ላይ ለውጥ ይታያል፤ 15 ኪሎ ግራም ለሚመዝን ውሻ ይህ 75 ግራም ማለት ሲሆን፣ ከአንድ መካከለኛ ሽንኩርት ያነሰ ነው። የአንድ ዶሮ ወጥ ከኪሎ በላይ ሽንኩርት እንደሚፈጅና ቁሌቱ ውኃው እስኪመጥ እንደሚበስል የሚያውቅ ሰው፣ በወጥ የራሰ የእንጀራ ፍርፋሪ ሳህን ሙሉ ምን እንደያዘ ማስላት አያቅተውም። ጾም ሲሆንም ሽሮው ያለ ሽንኩርት አይሠራም። በትንሽ በትንሹ በየቀኑ የሚሰጠውም ይደራረባል። ድድ መገርጣት፣ መድከም፣ የሽንት መጥቆር የሚታዩት ብዙውን ጊዜ ከጥቂት ቀናት በኋላ ስለሆነ፣ ባለቤቱ በዚያን ቀን ጠዋት የሰጠውን ብርቱካን ሊወቅስ ይችላል።

ዘቢብም እንዲሁ ነው። ወይንና ዘቢብ በአንዳንድ ውሾች ላይ ኩላሊትን ያቆማሉ፤ ምልክቱ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ ሊገለጥ ይችላል፣ የትኛው ውሻ በምን ያህል መጠን እንደሚጎዳም አስቀድሞ መገመት አስቸጋሪ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 የእንስሳት መርዝ ባለሙያዎች ተጠያቂው ታርታሪክ አሲድ ሊሆን እንደሚችል ሐሳብ አቅርበዋል። ይህ ለእኛ ጉዳይ የሚጠቅመው በአንድ ነጥብ ነው፤ የብርቱካንና የሎሚ ዋነኛ አሲድ ሲትሪክ አሲድ እንጂ ያኛው አይደለም። “ፍራፍሬ ሁሉ ኮምጣጣ ነው፣ ኮምጣጣ ሁሉ ኩላሊት ይጎዳል” የሚለው ድምዳሜ ስለዚህ አያስኬድም፤ ብርቱካንን ከዘቢብ ጋር በአንድ የመርዝ ዝርዝር ውስጥ አንድ ላይ የሚያስቀምጥ ጽሑፍም ሁለቱን አደጋዎች ሳይመዝን ያደባለቀ ነው።

ውሻ ልጣጭ በልቶ ቢገኝ መጀመሪያ የሚደረገው የቀረውን ከአፉና ከአካባቢው ማንሣት፣ ንጹሕ ውኃ ማቅረብና ለጥቂት ሰዓታት መከታተል ነው። ጨው በጥብጦ በግድ ማጠጣት ራሱን የቻለ መመረዝ ሊያስከትል ይችላል። በጠርሙስ የሚሸጥ የብርቱካን ወይም የሎሚ ዘይት ጠጥቶ ከሆነ ደግሞ በፍጹም እንዲያስመልስ ማስገደድ አይገባም፤ ዘይቱ በመመለሻው ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላል። ቆዳው ላይ ፈሶበት ከሆነ በለስላሳ ሳሙናና በብዙ ውኃ አጥቦ ከፀሐይ ማራቅ ያስፈልጋል። አንድ ጊዜ አስመልሶ ተመልሶ የሚጫወት ውሻ አያሳስብም፤ ማስመለሱ የማያቋርጥ፣ የሚንገዳገድ፣ የሚንቀጠቀጥ ወይም ሆዱ ተነፍቶ ዓይነ ምድር የከለከለው ከሆነ ግን ሳይውል ሳያድር ሐኪም ሊያየው ይገባል። ለሐኪሙ የውሻውን ክብደት፣ የበላው ሥጋውን ይሁን ልጣጩን፣ መጠኑንና ሰዓቱን መንገር ምርመራውን ያፋጥነዋል፤ ድዱ የገረጣ ወይም ሽንቱ የጠቆረ እንደሆነ ደግሞ ከዕለቱ ምግብ በተጨማሪ ባለፈው ሳምንት ከማዕድ የተሰጠውን ሁሉ፣ ወጡንም ሽሮውንም ዘቢቡንም፣ ሳያስቀሩ መዘርዘር ያስፈልጋል።